ሳያጣሩ ማባዛት

ከሱቅ ዕቃ ገዝቶ ወደ ቤቱ የሚገባ ሰው በእጁ የሚይዘው አንድ መጠቅለያ ነው። በላዩ የተለጠፈው ወረቀት የዕቃውን ስም፥ ከምን ከምን እንደ ተሠራ፥ ምን ያህል እንደሚመዝን፥ እስከ መቼ ድረስ ሳይበላሽ እንደሚቈይ ይነግረዋል። ገዢውም ያነበበውን ያምናል፤ አምኖም ለልጆቹ ያቀርባል። ማተሚያ ቤቱ ግን ይህችን ወረቀት ነጠላ አድርጎ አያትማትም። በአንድ ትልቅ ወረቀት ላይ አርባ ወይም ሃምሳ፥ አንዳንድ ጊዜም ከመቶ በላይ ሆና ተደርድራ ታትማ፥ በኋላ በመቍረጫ እየተለየች ትወጣለች። ስለዚህ በገዢው እጅ አንድ ሆኖ የሚታየው ስሕተት በማተሚያ ቤቱ ዘንድ ብዙ ነው። ዛሬ ልንነጋገርበት የወደድነው ይህ አንዱን የማባዛትና የመደርደር ሥራ፥ ማለት በማሸጊያ ኅትመት ሙያ «ስቴፕ ኤንድ ሪፒት» የሚባለው፥ እንዴት እንደሚዘጋጅና ምን ጥንቃቄ እንደሚያስፈልገው ነው።

ነገሩ ባለ ሙያዎችን ብቻ የሚመለከት መስሎ የሚታያቸው አንባቢዎች ይኖሩ ይሆናል። ነገር ግን በርበሬ ቀምመው፥ ሽሮ አስፈጭተው፥ ወይም ቡና ቈልተው ከጎረቤት አልፎ ለሩቅ ገዢ ለመሸጥ ያሰቡ ወይዘሮ ሁሉ፥ ንግዳቸው የሰፋ እንደ ሆነ አንድ ቀን ከማተሚያ ቤት ደጃፍ መድረሳቸው አይቀርም። በዚያን ጊዜ የሚከፍሉት ገንዘብ የቤተ ሰቡ ገንዘብ ነው፤ በዕቃው ላይ የሚታተመውም ስም የቤተ ሰቡ ስም ነው። ስለዚህ ነገሩ የእናቶችም፥ የልጆችም፥ የገዢውም ጉዳይ ነው።

ለምሳሌ ያህል በካርቱም የሚገኘውን ዴምን እንመልከት። ዴም ከከተማው መካከል በስተ ደቡብ ያለ ሠፈር ነው። በእንግሊዞች አስተዳደር ዘመን አሮጌዎቹ ዴሞች ፈርሰው፥ እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ መጨረሻና በ1950ዎቹ መጀመሪያ ነዋሪዎቻቸው በአዲስ ፕላን ወደ ተሠራው ሠፈር ተዛወሩ። ከዚያ በኋላ በተከታተሉት ዓመታት፥ ከጦርነትና ከፖለቲካ መከራ ሸሽተው፥ ወይም እንጀራ ፍለጋ ከአገራቸው የወጡ ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያን ስለ ኖሩበት፥ የዴም ስም ከእንጀራ ቤትና ከጀበና ቡና ጋር አብሮ የሚነሣ ሆነ። በዚያ የወጥ ቅመም የሚሸጡ፥ ቡና አፍልተው እንግዳ የሚያስተናግዱ፥ በላባቸው ልጆቻቸውን ያሳደጉ እናቶች ብዙዎች ነበሩ። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. በካርቱም የተነሣው ጦርነት ይህን ኑሮ በተነው። ከነዋሪዎቹም ብዙዎቹ በገላባት በኩል ወደ መተማ ተሻግረው አገራቸው ገቡ። ሱቅና ዕቃ በኋላ ይቀራል፤ ሙያ ግን ከባለቤቱ ጋር ይጓዛልና፥ በዴም የተለመደውን ንግድ በሌላ ከተማ እንደ ገና ለመጀመር የሚያስብ ሰው መኖሩ የታወቀ ነው።

እንዲህ ያለው ንግድ በሁለት አገር ሰዎች መካከል የሚመላለስ ስለ ሆነ፥ በመጠቅለያው ላይ የሚጻፈውም ነገር ድርብ ጥንቃቄ ይጠይቃል። አማርኛው ከግራ ወደ ቀኝ፥ ዐረብኛው ከቀኝ ወደ ግራ ይጻፋል። በሱዳን በሚሠራበት የዐረብኛ አኃዝ የአምስት ምልክት ክብ ሆና እኛ የምናውቃትን ዜሮ ትመስላለች፤ የእነርሱ ዜሮ ደግሞ ነጥብ ብቻ ናት። የዘመን አቈጣጠሩም እንዲሁ ነው። በእኛ አቈጣጠር የተጻፈ ዓመት ከእነርሱ በሰባት ወይም በስምንት ዓመት ወደ ኋላ ስለሚሆን፥ «ዓ.ም.» የሚለውን የማያውቅ የካርቱም ገዢ ትላንት የታሸገውን ዱቄት ከዓመታት በፊት የተበላሸ አድርጎ ሊቈጥረው ይችላል። እንዲህ ያለው ነገር በአንድ ሌብል ላይ ትንሽ ይመስላል፤ ሲባዛ ግን ሸክሙ የሚከብድ ነው።

አንዱን የማባዛት ብልሃት በኮምፒዩተር የተጀመረ አይደለም። የቴምብርን ታሪክ ማስታወስ ይበቃል። እ.ኤ.አ. በ1894 የወጡት የኢትዮጵያ የመጀመሪያዎቹ ቴምብሮች የታተሙት በፓሪስ ሲሆን፥ የቀረጻቸው ኤውጄን ሙሾን የተባለው ፈረንሳዊ ነበር። ከሰባቱ ቴምብሮች በአራቱ ላይ የዳግማዊ ምኒልክ መልክ፥ በሦስቱ ላይ አንበሳ ነበረባቸው። ቀራጩ ለእያንዳንዷ ቴምብር ንጉሡን እንደ ገና አልቀረጸም፤ አንድ ጊዜ በጥንቃቄ የተቀረጸው እየተባዛ ወረቀቱን ሞላው እንጂ። በሱዳንም እ.ኤ.አ. በማርች 1898፥ ስታንተን የተባለ የእንግሊዝ መኰንን የሣለውና በግመል ተቀምጦ ፖስታ የሚያደርሰውን ሰው የሚያሳየው ቴምብር በዴ ላ ሩ ኩባንያ ታትሞ ወጣ። ሥዕሉ እጅግ የተወደደ ሆኖ ለብዙ ዘመን አገለገለ። ነገር ግን በወረቀቱ ውስጥ የነበረው የአበባ ቅርጽ ያለው የውኃ ምልክት መስቀል ይመስላል የሚል ቅሬታ ስላስነሣ፥ በኋላ ጨረቃና ኮከብ ባለበት ወረቀት እንደ ተለወጠ ይነገራል። ሥዕሉን የመረመሩት ሰዎች ወረቀቱን ወደ ብርሃን አንሥተው በሱዳን ሰው ዓይን አልተመለከቱትም ነበር። ያ ያልታየው ነገር ግን ከሥዕሉ ጋር በየቴምብሩ ውስጥ ተደገመ።

ከኮምፒዩተር በፊት በነበረው ዘመን ይህ ሥራ የሚሠራው በእጅ ነበር። በማተሚያ ቤቶቻችን ሞንታዥ በሚባለው ክፍል፥ ባለ ሙያው ከሥሩ መብራት በበራበት የመስተዋት ጠረጴዛ ላይ ጐንበስ ብሎ፥ የአንዱን ሥዕል ፊልም ግልባጮች በመሥመር በመሥመር እየለካ ይለጥፍ ነበር። ዛሬ ይኸው ሥራ በኮምፒዩተር ይሠራል። አዶቤ ኢሉስትሬተርንና ኢንዲዛይንን በመሳሰሉት የታወቁ ፕሮግራሞች አንዱን ቅርጽ በተወሰነ ርቀት እየደጋገሙ መደርደር ይቻላል። ለማሸጊያ ሥራ ብቻ የተዘጋጁም አሉ፤ ለምሳሌ የኢስኮ ኩባንያ አርቲዮስካድ የካርቶኑን መቍረጫና መታጠፊያ መሥመር ከመንደፍ አልፎ፥ ቅርጾቹን በወረቀቱ ላይ አቀራርቦ ይደረድራል። መሣሪያው ፈጣን መሆኑ መልካም ነው። ነገር ግን የቀድሞው ሰው ሃምሳውን ፊልም አንድ በአንድ ሲለጥፍ ሃምሳ ጊዜ የማየት ዕድል ነበረው፤ የዛሬው ሰው አንድ ጊዜ አዝዞ ሃምሳውን በቅጽበት ስለሚያገኝ፥ የማየቱን ሥራ አስቀድሞ መፈጸም አለበት።

ስለዚህ የሥራው መጀመሪያ መደርደር አይደለም፤ አንዱን ማጣራት ነው። አንዱ ሌብል ብቻውን ተዘጋጅቶ፥ በትክክለኛ መጠኑ በወረቀት ወጥቶ፥ ባለቤቱ አንብበው በፊርማቸው ካላጸደቁት በቀር ወደ ማባዛት መሄድ አይገባም። በዚህ ጊዜ የሚመረመሩት ነገሮች የታወቁ ናቸው። የግዕዙ ፊደል በማተሚያ ቤቱ ኮምፒዩተር ከሌለ በፊደሉ ቦታ ባዶ ሳጥኖች ተደርድረው ይታያሉ፤ ወይም ኮምፒዩተሩ መልኩ የተለየ ሌላ ፊደል ይተካበታል። ፕሮግራሙ ለዐረብኛ ያልተዘጋጀ እንደ ሆነ ደግሞ፥ እጅ ለእጅ ተያይዘው መጻፍ የሚገባቸው የዐረብኛ ፊደላት ተለያይተውና ቅደም ተከተላቸው ተገልብጦ ይወጣሉ። ዐረብኛ የማያነብ ሠራተኛ ይህን ሊያውቅ አይችልም፤ ለእርሱ የተያያዘውም የተለያየውም አንድ ነው። ስለ ሆነም ቋንቋውን የሚያነብ ሰው ካየው በኋላ፥ ጽሕፈቱ ከፊደልነት ወደ ሥዕልነት ተለውጦ ቢቀመጥ፥ በሌላ ኮምፒዩተር ሲከፈት አይለዋወጥም። ከዚህም ጋር ክብደቱ፥ የሚያበቃበት ቀንና ወር፥ ዓመቱ በየትኛው አቈጣጠር እንደ ሆነ፥ ከምን ከምን እንደ ተሠራ አንድ በአንድ ይነበባል።

ሁለተኛው ሥራ ስሌት ነው። ሌብሉ ወርዱ 90፥ ቁመቱ 130 ሚሊ ሜትር ነው እንበል። መቍረጫው ጥቂት ፈቀቅ ቢል በጠርዙ ላይ ነጭ መሥመር እንዳይታይ፥ ቀለሙ በየአቅጣጫው 3 ሚሊ ሜትር ከልኩ አልፎ መታተም አለበት፤ ባለ ሙያዎች ይህን ትርፍ ብሊድ ይሉታል። ስለዚህ እያንዳንዱ ሌብል የሚይዘው ቦታ 96 በ136 ሚሊ ሜትር ይሆናል። የሚታተምበት ወረቀት 700 በ1000 ሚሊ ሜትር ቢሆን፥ መኪናው ነክሶ በሚይዝበት ረጅም ጠርዝ 15፥ በሌሎቹ ሦስት ጠርዞች ደግሞ 10 ሚሊ ሜትር ቢተው፥ ለሥራ የሚቀረው 980 በ675 ሚሊ ሜትር ነው። ሌብሎቹ ቀጥ ብለው ቢቆሙ በአግድም 10፥ ወደ ታች 4፥ በድምሩ 40 ይገባሉ። ወደ ጎን ቢተኙ ግን በአግድም 7፥ ወደ ታችም 7፥ በድምሩ 49 ይሆናሉ። እንግዲህ 10,000 ሌብል ለማተም የፊተኛው አደራደር 250 ወረቀት ሲፈጅ፥ ለኋለኛው 205 ወረቀት ይበቃዋል። ይህ መኪናው እስኪስተካከል የሚባክነውን ወረቀት ሳይጨምር ነው።

ከዚህ አልፎ የሚያስተውል ባለ ሙያ ሌላ ነገር ያገኛል። ሌብሎቹ ቀጥ ብለው ሲቆሙ አምስተኛው ረድፍ እንዳይገባ የከለከለው 5 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው፤ አምስት ጊዜ 136 ሲባል 680 ይሆናልና። ይህ ለአምስቱ ረድፎች ቢከፋፈል ለእያንዳንዱ የሚደርሰው አንድ ሚሊ ሜትር ነው። የሌብሉ ቁመት ከ130 ወደ 129 ዝቅ ቢል፥ በአግድም 10፥ ወደ ታች 5፥ በድምሩ 50 ሌብል ይገባና ለ10,000 ሌብል 200 ወረቀት ይበቃል። አንዲት ሚሊ ሜትር በዓይን ለመለየት የምታስቸግር ናት፤ በሂሳቡ ላይ ግን ከ250 ወረቀት 50ውን ታድናለች። ነገር ግን ይህን የሚወስነው ማተሚያ ቤቱ ብቻውን አይደለም፤ ሌብሉ የሚለጠፍበት ከረጢት ወይም ጠርሙስ ልክ የሚፈቅድ መሆኑን ባለቤቱ ማረጋገጥ አለባቸው። ስለዚህም ልኩ ከመቍረጡ በፊት፥ ሥዕሉም ከመሣሉ በፊት ባለ ንግዱና አታሚው ቢመካከሩ ይሻላል። ሥዕሉ ካለቀ በኋላ የሚመጣ ምክር ዋጋው ከፍ ያለ ነው።

ቍጥር ለማብዛት ሲባል ሌብሎቹን እንደ ልብ ማዟዟርም አይገባም። ወረቀት ክሮቹ በአንድ ወገን የተኙ ነገር ነው፤ እርጥበት ሲነካው ከክሩ ርዝመት ይልቅ በወርዱ በኩል ይሰፋል። ከሃምሳው ጥቂቶቹ ብቻ ወደ ጎን የዞሩ እንደ ሆነ፥ በሙጫ ሲለጠፉ አንዳንዱ ወደዚህ፥ አንዳንዱ ወደዚያ ይጠቀለላል። በካርቶንም እንዲሁ የክሩ አቅጣጫ ከመታጠፊያው መሥመር ጋር ካልተስማማ ሣጥኑ አይቀናም። ስለዚህ ፕሮግራሙ ብዙ የሚያስገባ አደራደር ሲያሳይ፥ ሰውዬው የወረቀቱን ጠባይ አስታውሶ ይፈርዳል።

በጥቅል ወረቀት ወይም በፕላስቲክ ላይ የሚታተመው ሌብል ሂሳቡ የተለየ ነው። በዚያ የሚያትመው ፕሌት በክብ ሲሊንደር ላይ ተጠቅልሎ ስለሚዞር፥ የሲሊንደሩ ዙሪያ በሌብሎቹ ብዛት ያለ ቀሪ መካፈል አለበት። በብዙ መኪናዎች ዙሪያው የሚቈጠረው በጥርስ ነው፤ ከአንዱ ጥርስ እስከ ሌላው 3.175 ሚሊ ሜትር ይሆናል። 96 ጥርስ ያለው ሲሊንደር ዙሪያው 304.8 ሚሊ ሜትር ነው ማለት ነው። በዚህ ላይ ሦስት ሌብል ቢደረደር ለእያንዳንዱ 101.6 ሚሊ ሜትር ይደርሰዋል፤ ሌብሉ 98 ሚሊ ሜትር ቢሆን በመካከላቸው 3.6 ሚሊ ሜትር ክፍተት ይቀራል። ሌብሉ 102 ሚሊ ሜትር ሆኖ ከተሠራ ግን በዚህ ሲሊንደር ሦስት ሊገባ አይችልም፤ ሌላ ሲሊንደር መፈለግ ግድ ይሆናል።

ከዚህም በላይ ጠፍጣፋው ፕሌት በሲሊንደሩ ላይ ሲጠመዘዝ ፊቱ ይለጠጣል። 1.14 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ፕሌት በዚህ ዙሪያ ላይ ሲውል መለጠጡ ወደ 6.4 ሚሊ ሜትር ገደማ ይደርሳል። ስለዚህ ሥዕሉ በሚዞርበት አቅጣጫ አስቀድሞ በመቶ 2 ያህል እንዲያጥር ይደረጋል። ይህ ማሳጠር አንድ ጊዜ ብቻ የሚደረግ ነው። አንዱ ሠራተኛ በሥዕሉ ላይ አሳጥሮት ሳለ ሌላው ሳያውቅ በፕሌቱ ላይ ቢደግመው፥ ክቡ ምልክት ሞላላ ይሆናል፤ መቍረጫውም ከሥዕሉ ጋር አይገጥምም። እንዲሁም የሌብሎቹ መጀመሪያ ሁሉ በአንድ ቀጥ ያለ መሥመር ላይ ቢውል፥ ክፍተቱ በመጣ ቍጥር ሲሊንደሩ ይነጥራል፤ ቀለሙም ይዥጐረጐራል። ስለዚህ ረድፎቹ እንደ ግንብ ጡብ ትንሽ ትንሽ እየተፈናጠሩ ይደረደራሉ።

አሁን ከሁሉ ወደሚከብደው ነገር እንመለስ። በኮምፒዩተር አንዱን ማባዛት በሁለት መንገድ ይሆናል። አንደኛው መንገድ ሃምሳውን ከአንዱ እናት ጋር ማያያዝ ነው፤ በእናቲቱ ላይ የተደረገው እርማት በሃምሳው ሁሉ ወዲያው ይታያል። ሁለተኛው ግን አንዱን እየቀዱ ሃምሳ ጊዜ መለጠፍ ነው፤ በዚህ ጊዜ ሃምሳው እያንዳንዱ ለብቻው የቆመ ስለ ሆነ፥ እርማት ሲመጣ ሃምሳ ጊዜ ማረም ያስፈልጋል። በስክሪኑ ላይ ሁለቱም አንድ ዓይነት መስለው ይታያሉ። የሚለዩት እርማት የመጣ ዕለት ነው።

ነገሩን በምሳሌ እንግለጠው። በዴም ለሕፃናት ገንፎ የሚሆን የምጥን ዱቄት ሲሸጡ የነበሩ አንዲት ወይዘሮ ዛሬ በአገራቸው ንግዱን እንደ ገና ጀመሩ እንበል። በመጀመሪያ ምጥኑ ከእህል ብቻ የተዘጋጀ ነበር። በኋላ ገንፎው ለልጅ አካል የበለጠ እንዲበጅ ኦቾሎኒ ጨመሩበት። ዐረቦች ኦቾሎኒን ፉል ሱዳኒ፥ ማለት የሱዳን ባቄላ ይሉታል፤ በካርቱም ገበያ የተለመደ ነው። ወይዘሮዋ ታማኝ ስለ ሆኑ «ኦቾሎኒ አለበት» የሚለው በሁለቱም ቋንቋ እንዲጨመር አዘዙ። ሠራተኛውም ሃምሳውን እየቀዳ የለጠፈ ስለ ነበረ አንድ በአንድ አረመ፤ አርባ ዘጠኙን አርሞ አንዱን ዘለለ። 200 ወረቀት ታተመ። በእያንዳንዱ ወረቀት ላይ አንድ ያልታረመ ሌብል ስላለ ያልታረሙት 200 ሆኑ። ተቈርጠው ከ9,800ዎቹ ጋር ሲደባለቁ መልካቸው፥ ቀለማቸው፥ ልካቸው ፍጹም አንድ ነው።

ኦቾሎኒ ለብዙ ልጆች መልካም ምግብ ነው። ነገር ግን ሰውነታቸው ጨርሶ የማይቀበለው ልጆች አሉ፤ ጥቂቱን እንኳ ቢቀምሱ ፊታቸውና ጕሮሮአቸው ያብጣል፥ ትንፋሽ ያጥራቸዋል፤ ፈጥኖ ሐኪም ካልደረሰም ሊሞቱ ይችላሉ። የእንዲህ ያለ ልጅ እናት ዱቄት ስትገዛ ያላት መከላከያ በመጠቅለያው ላይ ያለው ጽሕፈት ብቻ ነው። ከ10,000 እናቶች 9,800ዎቹ እውነቱን ያነብባሉ፤ 200ዎቹ ግን የሚያስጠነቅቃቸውን ቃል አያገኙም። የማንኛዋ ልጅ ኦቾሎኒ የማይስማማው እንደ ሆነ ማተሚያ ቤቱም ወይዘሮዋም ሊያውቁ አይችሉም። ይህ ሁሉ የመጣው የሃምሳውን ሌብል አደራደር ከእናቲቱ ጋር ባለማያያዝ ነው።

ለዚህ መድኃኒቱ ውድ አይደለም። መጀመሪያ፥ አደራደሩ ከአንዱ እናት ጋር የተያያዘ ይሁን፤ እርማትም በእናቲቱ ላይ ብቻ ይደረግ። ሁለተኛ፥ እርማት በተደረገ ቍጥር የፋይሉ ስም በቀንና በተራ ቍጥር ይለወጥ፤ አሮጌው ፋይልም ከሚሠራበት ቦታ ተነሥቶ ለብቻው ይቀመጥ። ሦስተኛ፥ ለእያንዳንዱ ሌብል በወረቀቱ ላይ ያለበትን ቦታ የሚያመለክት ትንሽ ቍጥር፥ ከ1 እስከ 50፥ በሚጣበቀው ወይም በሚታጠፈው ጫፍ ላይ ይጻፍለት። ገዢው ይህችን ቍጥር አያያትም፤ ብታይም አታስቀይመውም። ነገር ግን በ37ኛው ቦታ ያለው ሌብል የተሳሳተ መሆኑ ከታወቀ፥ 37 ቍጥር ያለባቸውን 200 ሌብሎች ብቻ ለቅሞ ማውጣት ይቻላል። ቍጥሩ ባይኖር ግን አሥሩን ሺህ አንድ በአንድ ማንበብ፥ ወይም ሁሉንም ማቃጠል ሊያስፈልግ ነው። አራተኛ፥ ፕሌቱ ከመሠራቱ በፊት ሙሉው አደራደር በወረቀት ወጥቶ፥ በኮምፒዩተሩ ፊት ያልተቀመጠ ሌላ ሰው ሃምሳውን ሁሉ በጣቱ እየቈጠረ ይመልከት። የሠራው ሰው ዓይን ያሰበውን እንጂ የተጻፈውን አያይምና።

በአንድ ወረቀት ላይ የተለያዩ ዕቃዎች ሌብሎች አብረው ሲታተሙ ጥንቃቄው እጥፍ ይሆናል። የበርበሬው፥ የሽሮውና የምጥኑ ሌብሎች ልካቸው አንድ ከሆነ አብሮ ማተም ወጪ ያሳንሳል፤ ለአነስተኛ ነጋዴ የሚደገፍ ብልሃት ነው። ሆኖም ስንቱ የበርበሬ፥ ስንቱ የሽሮ እንደሚሆን አስቀድሞ መወሰን አለበት። በርበሬ በወር አንድ ሺህ ከረጢት፥ ሽሮ ሁለት መቶ የሚሸጥ ሆኖ ሳለ ሁለቱ እኩል ቢደረደሩ፥ የበርበሬው ሌብል ሲያልቅ የሽሮው ተከምሮ ይቀራል። የሚያበቃበት ቀን በሌብሉ ላይ አስቀድሞ የታተመ እንደ ሆነም የተከመረው ሁሉ ከንቱ ነው። ስለዚህ ቀኑ በኋላ በማኅተም እንዲመታ ባዶ ቦታ ቢተውለት ይመረጣል።

ሥራ ለሚያሠሩት እናቶችና አባቶች የምንመክረው የሚከተለውን ነው። ወደ ማተሚያ ቤት ስትሄዱ የኮምፒዩተሩን ሥራ ማወቅ አይጠበቅባችሁም፤ ነገር ግን ሦስት ነገር ጠይቁ። በአንድ ወረቀት ላይ ስንት ይገባል? ልኩን ጥቂት ብንለውጥ ስንት ይሆናል? እርማት ቢመጣ የምታርሙት በአንዱ ላይ ነው ወይስ በሁሉም ላይ? እነዚህን ጥያቄዎች በትሕትና የሚመልስ ማተሚያ ቤት ሥራውን የሚያውቅ ነው። ደግሞም ዋጋ ሲነገራችሁ የአንዱን ሌብል ዋጋ ብቻ ሳይሆን የሚፈጀውን ወረቀት ብዛት ጠይቁ፤ ገንዘቡ የሚባክነው በዚያ በኩል ነውና። በመጨረሻም ሳታነብቡ አትፈርሙ። ቸኩላችሁ ብትሆኑ እንኳ ነገ ተመልሳችሁ ፈርሙ። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ተብሏልና፥ የፈሰሰ ዱቄት ይለቀም ይሆናል፤ ተለጥፎ የተሸጠ ሌብል ግን አይለቀምም።

ይህን ሙያ ለመማር ለሚፈልጉ ወጣቶችም አንድ ቃል እንጨምር። ሥዕል ማሳመር ብዙ ሰው የሚሻው ሥራ ነው፤ ሥዕሉን በልኩ ደርድሮ ለመኪናው የሚያደርስ ሰው ግን ስሙ አይነሣም። ሆኖም የነጋዴዋ ገንዘብና የገዢው ጤና ያለው በእርሱ እጅ ነው። ለዚህ ሥራ የሚያስፈልገው ማካፈልና ማባዛት፥ የወረቀትንና የቀለምን ጠባይ ማወቅ፥ የሚጻፈውንም ቋንቋ ማንበብ ነው። ከዴም የተመለሱ ወጣቶች በዚህ በኩል ሌላው የሌለው ሀብት አላቸው፤ አማርኛንም ዐረብኛንም ያነብባሉና። ሁለቱ ቋንቋዎች በአንድ ሌብል ላይ በሚገናኙበት ቦታ፥ የተለያዩትን የዐረብኛ ፊደላት አይቶ «ይህ ትክክል አይደለም፤ ፕሌቱ ይቈየን» ለማለት የሚችል ሠራተኛ ለማተሚያ ቤቱ ትልቅ ረዳት ነው። እንዲህ ያለውን ወጣት የሚቀጥር ቢኖር፥ ሁለት ሰው በአንድ ደመወዝ ያገኘ ያህል ይቈጠርለታል፤ ወጣቱም ዐረብኛውን ከዴም ይዞት የመጣ ቅርስ ነውና፥ እንዳይረሳው በየቀኑ ጥቂት ጥቂት እያነበበ ይጠብቀው።